ስሕተቱን ለሚያገኝ የሚከፍሉ ሊቅ
የፕሮፌሰር ዶናልድ ክኑዝ ሕይወትና ሥራ

መጽሐፍ ጽፎ ያሳተመ ሰው ስሕተት ያገኘበትን አንባቢ ብዙውን ጊዜ በደስታ አይቀበለውም። አንዳንዱ ይቈጣል፤ አንዳንዱ ማተሚያ ቤቱን ይወቅሳል፤ ጨዋ የሆነው ደግሞ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ካመሰገነ በኋላ ነገሩን በዚያው ይረሳዋል። በአሜሪካ አገር በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ሊቅ የሆኑት ፕሮፌሰር ዶናልድ ክኑዝ ግን ከዚህ የተለየ ልማድ አላቸው። በመጽሐፋቸው ውስጥ ስሕተት፣ የአንዲት ፊደል ግድፈት እንኳ ብትሆን፣ ከሁሉ ቀድሞ ላገኘ ሰው 2 ዶላር ከ56 ሳንቲም ይከፍላሉ። ጠቃሚ ሐሳብ ላቀረበላቸውም 32 ሳንቲም ያስቡለታል።

ዋጋው ስለ ምን 2 ዶላር ከ56 ሳንቲም ሆነ የሚል ቢኖር ምክንያት አለው። ኮምፒዩተር የሚባለው መኪና እንደ እኛ በዐሥር ጣት አይቈጥርም፤ የሚቈጥረው በሁለት ነው። ሁለትን ስምንት ጊዜ እርስ በርሱ ብናባዛው 256 ይሆናል፤ ይህም ቍጥር በዐሥራ ስድስት መደብ በሚቈጠርበት ጊዜ «100» ተብሎ ይጻፋል። እንግዲህ 256 ሳንቲም በዚያ አቈጣጠር አንድ ሙሉ ዶላር ነው ማለታቸው ነው። የሊቃውንት ጨዋታ እንዲህ ያለ ነው። ቼኩ የደረሳቸው ሰዎች አብዛኞቹ ወደ ባንክ አይወስዱትም፤ መስተዋት አልብሰው ከግድግዳቸው ላይ ይሰቅሉታል እንጂ። ይሁን እንጂ በቼክ ላይ የተጻፈውን የሒሳብ ቍጥር እያዩ የሚሰርቁ ሌቦች ስለ በዙ፣ ከ2008 ጀምሮ ፕሮፌሰሩ እውነተኛውን የባንክ ቼክ ትተው ሳን ሰሪፍ በምትባል የደሴቶች አገር ባንክ ስም የተዘጋጀ የምስክር ወረቀት ይልካሉ። ሳን ሰሪፍ ጋርዲያን የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ በ1977 ለኤፕሪል 1 ቀን ቀልድ የፈጠራት፣ በካርታ ላይ የሌለች የደሴቶች አገር ናት። (በዚህ ጽሑፍ የተነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።)

ዶናልድ የተወለደው በዊስኮንሲን ግዛት፣ ሚልዋኪ በምትባል ከተማ፣ ጃንዋሪ 10 ቀን 1938፣ በእኛ አቈጣጠር ጥር 2 ቀን 1930 ዓ.ም. ነው። አባቱ በሉተራን ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበሩ፤ የሒሳብ አያያዝ ያስተምራሉ፣ በቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ይመታሉ፣ በዚያውም ላይ ትንሽ የኅትመት ሥራ ነበራቸው። መምህርነት፣ ቍጥር፣ ኅትመትና የቤተ ክርስቲያን ዜማ በአንድ ጣሪያ ሥር ተሰብስበው ነበር። ልጁ ኋላ በሰባና በሰማንያ ዓመቱ የሠራውን ያየ ሰው ከእነዚህ ከአራቱ የወጣ ነገር ብዙ አያገኝም።

ብላቴናው የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለ አንድ የከረሜላ ፋብሪካ ለተማሪዎች ውድድር አወጣ። ውድድሩም «ዚግለርስ ጃይንት ባር» ከሚለው ከከረሜላው ስም ፊደላት ምን ያህል ልዩ ልዩ ቃላት ማውጣት ይቻላል የሚል ነበረ። ዶናልድ ሆዴን አመመኝ ብሎ ለሁለት ሳምንት ከትምህርት ቤት ቀረና ትልቁን መዝገበ ቃላት አቅርቦ ቃላትን ይለቅም ጀመር። ስለ ሆድ ሕመሙ የተናገረውን ሐሰት አናመሰግንለትም፤ በሥራው ግን እንደነቃለን። ዳኞቹ ራሳቸው ያዘጋጁት ዝርዝር 2,500 ያህል ቃላት ሲኖሩት እርሱ ከ4,500 በላይ አምጥቶ አሸነፈ። ሽልማቱም ለትምህርት ቤቱ አንድ ቴሌቪዥን፣ ለጓደኞቹም ሁሉ የሚበቃ ከረሜላ ሆነ። እንዲህ ያለ ልጅ በክፍላቸው የገጠማቸው መምህራን ይህን ሲያነቡ ፈገግ ይሉ ይሆናል። ልጁ ብልህ ስለ ነበረ ብቻ አይደለም ያሸነፈው፤ መዝገበ ቃላቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መፈተሽ ስላልሰለቸው ነው።

በ1956 ኬዝ ወደሚባለው የቴክኖሎጂ ተቋም ገባ። አስቀድሞ ሙዚቃ ወይስ ፊዚክስ እያለ አመንትቶ ፊዚክስን መረጠ። በሁለተኛው ዓመት አንድ የሒሳብ መምህር ከባድ ጥያቄ ሰጥተው፣ «ይህን የፈታ ወዲያው ከፍተኛውን ማርክ ያገኛል» አሉ። ማንም ይፈታዋል ተብሎ አልታሰበም። ዶናልድ የሙዚቃ ጓድ አባል ነበረና አንድ ቀን ጓዱን የሚወስደው አውቶቡስ ስላመለጠው፣ ብቻውን ተቀምጦ ሳለ ከጥያቄው ጋር ይታገል ጀመር፤ በዚያው ቀንም ፈታው። ከዚያ በኋላ ፊዚክሱን ትቶ ወደ ሒሳብ ተሻገረ። አውቶቡሱ ባያመልጠው ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ መልስ ግን የለውም።

በዚያ ተቋም አይ. ቢ. ኤም. 650 የተባለ ኮምፒዩተር ተተክሎ ነበር። ተማሪዎች ሌሊት ብቻቸውን እንዲሠሩበት ይፈቀድ ስለ ነበረ፣ ወጣቱ ብዙ ሌሊት ከመኪናው ጋር አሳልፎአል። ከመኪናው ጋር የመጣውን የመመሪያ መጽሐፍ አንብቦ፣ በውስጡ የተጻፉትን የትእዛዝ ዝርዝሮች ከዚህ አሻሽዬ መጻፍ እችላለሁ ብሎ አሰበ፤ እንዳሰበውም ሆነ። በ1958 ለተቋሙ የቅርጫት ኳስ ቡድን እያንዳንዱ ተጫዋች የሚሰጠውን ጥቅም በቍጥር የሚመዝን ፕሮግራም ሠርቶ፣ ወሬው እስከ ኒውስዊክ መጽሔትና እስከ ሲ. ቢ. ኤስ. ቴሌቪዥን ደርሶአል። በመካከሉም ማድ በተባለው የቀልድ መጽሔት ላይ በ1957 የመጀመሪያ ጽሑፉን አሳትሞ 25 ዶላር ተከፍሎታል፤ ጽሑፉም የመጽሔቱን የአንዱን እትም ውፍረት የርዝመት መለኪያ ያደረገ የቀልድ የሚዛንና የመስፈሪያ ሥርዓት ነበር። በ1960 ሲመረቅ የትምህርቱ ውጤት እጅግ የላቀ ስለ ነበረ፣ ተቋሙ የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ዲግሪ በአንድ ቀን አከታትሎ ሰጠው።

እስከዚህ ድረስ ልጅነቱን እያሰብን «አንተ» ስንለው ቈይተናል፤ ከዚህ በኋላ ግን ሚስት አግብተው መምህር ሆነዋልና «አንቱ» ማለት ይገባናል። ወይዘሮ ጂል ካርተርን ያገቡት በጁን 1961 ነው፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅም ወልደዋል። በ1963 ካልቴክ ከተባለው ታላቅ ተቋም በሒሳብ ትምህርት የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉ።

ገና ተማሪ ሳሉ፣ በጃንዋሪ 1962፣ አዲሰን ዌስሊ የተባለው መጻሕፍት አሳታሚ ስለ ኮምፒዩተር ፕሮግራም አንድ መጽሐፍ እንዲጽፉለት ጠየቃቸው። ዐሥራ ሁለት ምዕራፍ ያለው አንድ መጽሐፍ እጽፋለሁ ብለው ተዋዋሉ። በ1965 ግድም የእጅ ጽሑፋቸው 3,000 ገጽ ደረሰ። አምስት የእጅ ገጽ አንድ የታተመ ገጽ ይወጣዋል ብለው አስበው ነበር፤ ባለሙያዎቹ ቢያሰሉት ግን አንዱ የታተመ ገጽ የሚይዘው አንድ ገጽ ተኩል ብቻ ሆነ። አንዱ መጽሐፍ 2,000 ገጽ ሊሆን ነው! አሳታሚውም ደንግጦ ከመከረ በኋላ ሰባት ቅጽ እንዲሆን ተስማሙ። «የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጥበብ» የተባለው ዝነኛ መጽሐፍ የተፀነሰው እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ቅጽ በ1968፣ ሁለተኛው በ1969፣ ሦስተኛው በ1973 ወጣ። የመጀመሪያውንም ቅጽ መታሰቢያነት የሰጡት ለሰው አይደለም፤ በተማሪነታቸው ሌሊት ሌሊት ለሠሩበት ለዚያ ለ650 መኪና ነው።

መጽሐፉ የሚናገረው ስለ አልጎሪዝም ነው። ቃሉ የመጣው ከዘጠነኛው መቶ ዓመት ሊቅ ከአል ኽዋሪዝሚ ስም ሲሆን፣ ፕሮፌሰር ክኑዝም የሊቁን አገር ለማየት በ1979 በኡዝቤክስታን ወደሚገኘው ወደ ኽዋሪዝም ምድር ተጉዘው ነበር። አልጎሪዝም ማለት መጀመሪያና መጨረሻ ያለው፣ እያንዳንዱ እርምጃው ያለ ጥርጥር የተነገረ የአሠራር ሥርዓት ነው። ክኑዝ መጽሐፋቸውን የሚጀምሩት ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረው ግሪካዊው ኤውክሊድ ባስተማረው ሥርዓት ነው። በምሳሌ እንየው። አንድ መምህር 84 እርሳስና 30 ደብተር አለው፤ ምንም ሳይተርፍ ለተማሪዎች እኩል ማካፈል የሚችለው ቢበዛ ለስንት ተማሪ ነው? 84 ለ30 ሲካፈል 24 ይተርፋል። 30 ለ24 ሲካፈል 6 ይተርፋል። 24 ለ6 ሲካፈል ግን ምንም አይተርፍም፤ እንግዲህ መልሱ 6 ነው። እያንዳንዱ ተማሪ 14 እርሳስና 5 ደብተር ይደርሰዋል። ቍጥሩ ምንም ያህል ቢበዛ ሥርዓቱ አይለወጥም፤ ምንም የማያስብ መኪናም ሊፈጽመው ይችላል።

የፕሮፌሰሩ ልዩ ሙያ ግን ሥርዓቱን መናገር ብቻ ሳይሆን ዋጋውን መመዘን ነው። በፊደል ተራ ከተጻፈ የ1,000 ተማሪዎች መዝገብ አንድ ስም ብንፈልግ፣ ከላይ ጀምረን አንድ በአንድ ብናነብ እስከ 1,000 ጊዜ መመልከት ሊያስፈልገን ይችላል። መዝገቡን ከመካከሉ ገልጠን የምንፈልገው ከፊት ነው ወይስ ከኋላ ብለን ግማሹን እየተውን ብንሄድ ግን 10 ጊዜ መመልከት ይበቃናል። ሁለቱም መንገድ እውነተኛ መልስ ይሰጣል፤ አንደኛው መንገድ ግን መቶ እጥፍ ድካም አለው። ከእርሳቸው በፊት ፕሮግራም መጻፍ እንደ ልምድ ሥራ ይታይ ነበር፤ እርሳቸው እያንዳንዱ መንገድ ስንት እርምጃ እንደሚወስድ በሒሳብ ማስረጃ መመርመርን ሙሉ ትምህርት አደረጉት። ስለዚህም በ1974፣ ገና በ36 ዓመታቸው፣ በኮምፒዩተር ትምህርት ትልቁ የሆነው የቱሪንግ ሽልማት ተሰጣቸው።

ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አልተገኘም። በ1967 ማስተማሩና መጻፉ ተደራርቦባቸው፣ ጨጓራቸው ቈስሎና ደም ፈስሶአቸው ታመሙ። ዕድሜያቸው ሠላሳ አልሞላም ነበር። ከዚያ በኋላ ሥራቸውን መጥነው መያዝ ግድ ሆነባቸው። በጃንዋሪ 1973 በኖርዌይ ዋና ከተማ በኦስሎ ሳሉ አንድ አጭር መጽሐፍ ለመጻፍ ለአንድ ሳምንት ከቤታቸው ወጥተው ሆቴል ገቡ፤ ስድስት ቀን ጽፈው በሰባተኛው ቀን ዐረፉ። ይህን ራሳቸው እየሣቁ ይናገሩታል። መጽሐፉም ስለ አዲስ ዓይነት ቍጥሮች በሁለት ወጣቶች ንግግር የተጻፈ ልብ ወለድ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር ደረስን። በ1977 የሁለተኛው ቅጽ አዲስ እትም ሊወጣ ሲል ፕሩፉ ለእርማት መጣላቸው። የፊተኞቹ እትሞች የታተሙት ከቀለጠ እርሳስ በሚወጡ ፊደላት ነበር፤ ያ አሠራር ግን እየጠፋ ሄዶ በፎቶግራፍ የሚሠራ አዲስ አለቃቀም ተተክቶ ነበር። ፊደሉ ያማረ አልነበረም፤ የሒሳቡ ምልክቶች የተዘበራረቁ፣ በቃላት መካከል ያለውም ክፍተት ያልተስተካከለ ሆነ። ፕሮፌሰሩ አይተው አዘኑ። ዐሥራ አምስት ዓመት የደከሙበት መጽሐፍ እንዲህ ሆኖ መውጣቱን ሊታገሡት አልቻሉም። በዚያው ወራት ፊደል ሁሉ በጥቃቅን ነጠብጣቦች፣ ማለት ጥቁርና ነጭ በሆኑ ነጥቦች፣ ሊሠራ እንደሚችል አዩ። ነጥብ ደግሞ የኮምፒዩተር ሥራ ነው፤ እንግዲህ ይህ የእኔ ሥራ ነው አሉ። መጽሐፉን አስቀምጠው፣ በጥቂት ወራት ጨርሼ እመለሳለሁ ብለው ገጽ የሚያሰናዳ ፕሮግራም ማዘጋጀት ጀመሩ። ሥራው ዐሥር ዓመት ፈጀ።

በመጀመሪያ ይህን ስሰማ ሊቁ ጊዜያቸውን በከንቱ ያባከኑ መስሎኝ ነበር። ዓለም አራተኛውን ቅጽ ይጠብቃል፤ እርሳቸው የፊደል ሆድና እግር ይለካሉ! ቈይቼ ሳስበው ግን፣ በልጅነቴ ያየኋቸው ቁም ጸሐፊዎች ብራናውን ፍቀው፣ አስምረው፣ ቀለሙን በጥብጠው እስኪጨርሱ አንዲት ቃል እንደማይጽፉ ትዝ አለኝ። ያን ጊዜ ማንም ሥራ ፈቱ አላላቸውም።

ከፊደላቱ ሁሉ ያስቸገራቸው ኤስ የሚባለው የላቲን ፊደል ነው። ሌሎቹ ፊደላት ከቀጥታ መስመርና ከክብ ቍራጭ ሊሠሩ ይችላሉ፤ ይህ ግን እንደ እባብ የተጣመመ በመሆኑ በሒሳብ ሊገልጹት ሦስት ቀንና ሌሊት ደከሙ። ወይዘሮ ጂል ሥዕሉን አየት አድርገው፣ «ለምን የኤስን ቅርጽ አትሰጠውም?» አሏቸው። ባል ለሒሳብ፣ ሚስት ለዓይን! ወይዘሮዋ ራሳቸው የሥነ ጥበብ ሰው ናቸው፤ በቤተ ክርስቲያን ስለሚሰቀሉ ጨርቆች አሠራር በ1986 መጽሐፍ አሳትመዋል። ፕሮፌሰሩም ስለዚያች ስለ አንዲት ፊደል ብቻ በ1980 ሙሉ ጽሑፍ አወጡ።

ገጽ የሚያሰናዳው ፕሮግራም ቴክ፣ ፊደል የሚቀርጸው ሜታፎንት ይባላል። ሁለቱንም ለዓለም በነጻ ሰጡ። ዛሬ በየአገሩ ያሉ የሒሳብና የፊዚክስ ሊቃውንት ጽሑፋቸውን የሚያሰናዱት አብዛኛውን ጊዜ በቴክና ከእርሱ በተወለዱ መሣሪያዎች ነው። የእኛም ፊደል በዚሁ መሣሪያ እንዲጻፍ የሚያስችል ሥራ ሌሎች ሠርተዋል። በቴክ ስሕተት ላገኘም ሽልማት ነበረው፤ ዋጋው በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ ሄዶ 327 ዶላር ከ68 ሳንቲም ሲደርስ ቆመ። የፕሮግራሙ የእትም ቍጥር ደግሞ እንደ ሌላው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አይባልም። ፓይ የተባለውን ማለቂያ የሌለውን የክብ ቍጥር ይከተላል፤ እርማት በተደረገ ቍጥር አንድ አኃዝ ይጨመርበታል። በ2021 የወጣው 3.141592653 ነው። እርሳቸው ከዚህ ዓለም ሲለዩ የእትሙ ቍጥር ፓይ ራሱ እንዲሆንና ከዚያ ወዲያ ማንም እንዳይነካው፣ የቀረ ስሕተት ቢኖርም የሥራው ጠባይ ተደርጎ እንዲቈጠር ከወዲሁ ተናዝዘዋል።

በዚያው ዘመን ፕሮግራም ለመኪናው ብቻ ሳይሆን ሰው ተቀምጦ እንደ ድርሰት እንዲያነበው ተደርጎ መጻፍ አለበት ብለው አስተማሩ። የቴክን ፕሮግራም ሙሉውን በዚህ መንገድ ጽፈው በ1986 በመጽሐፍ አሳተሙት። ውስጡን ደብቆ ጥቅሙን ብቻ መሸጥ በለመደ ዓለም ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሆኖም ዐሥር ዓመት ሄዶአል። አራተኛው ቅጽ ገና ነው፤ ዕድሜም ሃምሳን አልፎአል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1990 ጀምሮ ፕሮፌሰሩ ኢሜይል የሚባለውን የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ፈጽመው ተዉ። ከ1975 ገደማ ጀምረው ለዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ተጠቅመውበት ነበርና ለአንድ ሰው ዕድሜ ይኸው ይበቃል አሉ። ኢሜይል በነገሮች ሁሉ ላይ ሆነው ወሬውን መከታተል ለሚገባቸው ሰዎች መልካም ነው፤ የእኔ ሥራ ግን ወደ ነገሮች ሥር መውረድ ነው የሚል ነው ክርክራቸው። ቀጥሎም ማስተማሩን ጊዜው ሳይደርስ ትተው በ1993 መጀመሪያ ጡረታ ወጡ፤ ጡረታ የወጡት ሊያርፉ ሳይሆን መጽሐፉን ሊጨርሱ ነው። ስልኩ በደወለ ቍጥር ከማዕድ የሚነሣ አባወራ በዚህ ዘመን ስንት እንደ ሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። ኮምፒዩተርን ከማንም ይልቅ የሚያውቁት ሰው ይህን ማድረጋቸው ለእኔ ከሽልማቶቻቸው ሁሉ የበለጠ ያስገርመኛል።

ስለ ሃይማኖታቸውም ሳንናገር ብናልፍ የሕይወታቸውን እኩሌታ ማስቀረት ይሆናል። በሉተራን ቤተ ክርስቲያናቸው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ሲያስተምሩ አንድ አሳብ መጣላቸው። የሒሳብ ሰዎች አንድ ትልቅ ነገር ለማወቅ ሲፈልጉ ከሁሉ እየቀነሱ ጥቂት ጥቂት በናሙና ይወስዳሉ፤ ናሙናውን ግን እንደ ወደዱ አይመርጡም። እንዲሁ መጽሐፍ ቅዱስን በናሙና ባጠናውስ ብለው፣ ከእያንዳንዱ መጽሐፍ ምዕራፍ 3 ቍጥር 16ን ወሰዱ። በዮሐንስ ወንጌል ይህች ቍጥር የታወቀች ናት፤ በሌሎቹ መጻሕፍት ግን ምን እንዳለ ከንባቡ በፊት አያውቁም። ከ66ቱ መጻሕፍታቸው ሰባቱ እስከዚያች ቍጥር ስለማይደርሱ 59 ጥቅሶች ቀሩ። በእያንዳንዱ ጥቅስ ላይ ሊቃውንት የጻፉትን ትርጓሜ ፈልገው አነበቡ፤ የራሳቸውንም ትርጕም አዘጋጁ። ከዚያም ሄርማን ጻፍ የተባሉትን ታላቁን ጀርመናዊ የፊደል ሠዓሊ ለመኑአቸው፤ እርሳቸውም ከልዩ ልዩ አገር ሠዓሊዎችን ጠርተው እያንዳንዱ ጥቅስ በልዩ ልዩ እጅ ተጽፎ መጽሐፉ በ1991 ወጣ። እኛ ሰማንያ አሐዱ ብለን የምንቈጥር ደግሞ ይህን ብናደርግ ስንት እንደምናገኝ፣ በክረምት ምሽት ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ቈጥረው ይሞክሩት።

በ1999 ኤም. አይ. ቲ. በተባለው ታላቅ የሳይንስ ተቋም ስለ እምነትና ስለ ኮምፒዩተር ስድስት ትምህርት ሰጡ፤ ትምህርቱም በ2001 በመጽሐፍ ታተመ። የእግዚአብሔርን መኖር በሒሳብ ላረጋግጥ አላሉም፤ ሊረጋገጥ የማይችል ነገር መኖሩ ለሰው መልካም ነው ባይ ናቸው። ከእርሳቸው ጋር በትምህርተ ሃይማኖት የምንለያይበት ነገር ብዙ ነው፤ ይህን ሲናገሩ ግን የሰሟቸው ሰዎች ስለ እንዲህ ያለ ጉዳይ በሳይንስ አዳራሽ መናገር ያልለመዱ መሆናቸውን ማሰብ ይገባል።

የአባታቸው ኦርጋንም አልተረሳም። በቤታቸው ውስጥ በመቶ የሚቈጠሩ ቧንቧዎች ያሉት ኦርጋን አሠርተዋል። ከወጣትነታቸው ጀምሮ የዮሐንስን ራእይ በዜማ ለመተርጐም ያስቡ ነበር፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ከምዕራፍ 1 እስከ ምዕራፍ 22 እየተከተለ ለኦርጋን የሚመታ ትልቅ ድርሰት ደረሱ። ድርሰቱም ጃንዋሪ 10 ቀን 2018፣ 80 ዓመት በሞላቸው ዕለት፣ በስዊድን አገር ፒቴዎ በተባለች ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ።

መጽሐፉስ? አራተኛው ቅጽ ሲጻፍ እየሰፋ ስለ ሄደ በአንድ ጥራዝ መጠናቀቅ አልቻለም። የመጀመሪያው ክፍል በ2011 ወጣ፤ ሦስተኛው ቅጽ ከወጣ 38 ዓመት ሆኖት ነበር። ሁለተኛው ክፍል በ2022፣ በ84 ዓመታቸው ታተመ። ከዚህ ሌላ የአራተኛው ቅጽ ተከታይ ክፍሎች፣ ከዚያም አምስተኛው፣ ስድስተኛውና ሰባተኛው ቅጽ በ1960ዎቹ በተዘጋጀው ዕቅድ ውስጥ ይጠባበቁ ነበር። ስሌቱን ለመሥራት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ፕሮፌሰሩም ከማንም ቀድመው የሠሩት ይመስለኛል። እንዲህም ሆኖ ለመቸኰል ብለው አንዲት ማስረጃ አይዘሉም፤ የሰዎችን ስም እንኳ በላቲን ፊደል ብቻ ሳይሆን በየአገራቸው ፊደል፣ በቻይና ፊደል ጭምር፣ ከመጽሐፉ ማውጫ ያገባሉ።

ስሕተት ያገኘ ሰው ዛሬም ይጽፍላቸዋል። ደብዳቤው ከሌሎቹ ጋር ለወራት ይከማቻል፤ ከዚያም አንድ ቀን ተቀምጠው ሁሉንም በተራ ያነባሉ። መልሱን የሚጽፉት አብዛኛውን ጊዜ በዚያው በተላከላቸው ወረቀት ኅዳግ ላይ፣ በእርሳስ ነው።